ውሻን ማጠብና መጥፎ ሽታን ማስወገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቀላሉ ጀምረን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን፤ የቸኮለ ሰው የራሱን ጥያቄ ብቻ ፈልጎ ቢያነብ ይበቃዋል።

ውሻዬን በስንት ጊዜ አንዴ ላጥበው?

ለጤነኛ ውሻ በወር አንድ ጊዜ፣ ቢዘገይ በሁለት ወር አንድ ጊዜ በቂ ነው። ግቢ ውስጥ የሚውል አጭር ፀጉር ያለው የሀበሻ ውሻ አዘውትሮ ከተቦረሸ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ፀጉሩ ረጅም ሆኖ ከሰው ጋር ሶፋ ላይ የሚተኛ ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ ሊያስፈልገው ይችላል። ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ እጅዎን ይመኑ፤ ፀጉሩን ከጅራቱ ወደ አንገቱ ገልብጠው ያሹትና መዳፍዎን ያሽትቱ። ቅባትና ጠረን መዳፍዎ ላይ ከቀረ ጊዜው ደርሷል።

በየሳምንቱ በሳሙና ማጠብ ግን ጥሩ አይደለም። የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ የሳሳ ነው። የሚጠብቀው የተፈጥሮ ቅባት ቶሎ ቶሎ ሲታጠብ ይደርቃል፣ ያሳክከዋል፤ ሲያክ ይቆስላል፤ የቆሰለ ቆዳ ደግሞ ይሸታል። ሽታ ለማጥፋት የተጀመረ እጥበት ራሱ ሽታ ሲያመጣ በብዙ ቤቶች ይታያል።

ቡችላ ከስንት ጊዜው ጀምሮ ይታጠባል?

ሁለት ወር ሳይሞላው ገላውን ባያጥቡት ይመረጣል። በዚያ ዕድሜው የሰውነቱን ሙቀት በደንብ መቆጣጠር ስለማይችል ትንሽ ብርድ ይጎዳዋል። ሰገራ ወይም ምግብ ከነካው ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ ጠርገው ወዲያው ያድርቁት። ሁለት ወር ካለፈው በኋላ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ በአጭር ጊዜ፣ በጥቂት ሻምፖ ማጠብ ይቻላል።

በምን ሳሙና ነው የሚታጠበው? የእኛ ሻምፖ አይሆንም?

ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀ ሻምፖ ከሁሉም ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ የእንስሳት መድኃኒት በሚሸጡ ቤቶችና በአንዳንድ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች ይገኛል። የሰው ሻምፖ ለሰው ቆዳ አሲድነት የተመጠነ ነው። የውሻ ቆዳ ከእኛ ያነሰ አሲድነት ስላለው የሰው ሻምፖ በተደጋጋሚ ሲነካው ይደርቃል። ሌላ ነገር ከጠፋ ሽቶ የሌለው የሕፃናት ሻምፖ ለአንድ ጊዜ ያገለግላል፤ ልማድ ግን አይሁን።

የልብስ ሳሙና፣ ኦሞና ላርጎ ለልብስና ለዕቃ የተሠሩ ናቸው። ቅባቱን ሙልጭ አድርገው ስለሚወስዱ ውሻው በዕለቱ ንጹሕ ይመስላል፤ በሳምንቱ ግን ሲያክና ፎረፎር ሲያራግፍ ያገኙታል። የዱቄት ሳሙና በተለይ በደንብ ሳይለቀለቅ ፀጉሩ ውስጥ ከቀረ ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ሲልሰውም ወደ ሆዱ ይገባል።

አስተጣጠቡ ራሱ እንዴት ነው?

ከውኃ በፊት ብሩሽ ይቀድማል። የተቋጠረ ፀጉር ሲረጥብ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ውኃና ሳሙና ውስጡ ታቁሮ ይቀርና ከቀናት በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ሽታም ቁስልም ይፈጠራል። በብሩሽ አልፈታ ያለውን ቋጠሮ በመቀስ ሲያነሱ ቆዳውን እንዳይቆርጡት በቆዳውና በመቀሱ መካከል ማበጠሪያ ያስገቡ። የሚታጠብበት ወለል ወይም ሳፋ ላይ ጆንያ ወይም አሮጌ ፎጣ ያንጥፉ። አብዛኛው ውሻ እጥበት ላይ የሚታገለው ውኃውን ጠልቶ ሳይሆን እግሩ እየተንሸራተተበት ነው። ጆሮው አፍ ላይ ጥጥ ጣል ያድርጉ፤ ወደ ውስጥ ግን አይግፉት።

ውኃው በክንድዎ ውስጠኛ ክፍል ሲሞክሩት የማያቃጥልም የማይበርድም፣ ለብ ያለ ይሁን። መጀመሪያ የአንገቱን ዙሪያ አርጥበው አረፋ ያድርጉበት፤ ቁንጫ ውኃ ሲነካው ሽቅብ ወደ ጭንቅላት ስለሚሸሽ ይህ መንገዱን ይዘጋበታል። ከዚያ ትከሻውን፣ ጀርባውን፣ ሆዱን፣ እግሮቹን፣ በመጨረሻ ጅራቱን ያዳርሱ። ሻምፖውን አስቀድመው በአንድ ጆግ ውኃ ቢበጠብጡት እኩል ይዳረሳል፤ ለመልቀቅም ይቀላል። ብዙ ሰው የሚዘላቸው ቦታዎች ብብቱ፣ የጣቶቹ መካከልና የጅራቱ ሥር ናቸው። ሽታው ደግሞ የሚደበቀው እዚያ ነው። ፊቱ ላይ ውኃ አይድፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉለት።

ዋናው ሥራ ማለቅለቁ ነው። ለማሸት የፈጀብዎትን ጊዜ እጥፍ ለማለቅለቅ ይስጡት። ከሆዱ ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ ጥርት እስኪል፣ ፀጉሩም በጣትዎ ሲይዙት ማሟለጩን እስኪተው ድረስ አያቁሙ። ከእጥበት በኋላ ለሚመጣ ማሳከክ ትልቁ ምክንያት ያልለቀቀ ሳሙና ነው። ሲጨርሱ ጥጡን አውጥተው በፎጣ እየተጫኑ ውኃውን ይምጠጡ። ረጅም ፀጉርን በፎጣ ማሸት እንደገና ይቋጥረዋል።

በብርድና በክረምት ምን ላድርግ? ስንት ሰዓት ላይ ይሻላል?

አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከተማ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ ያጥቡት፤ ፀሐይ ሳትሸሽ ደርቆ እንዲያድር። ማታ ታጥቦ እርጥቡን ከደጅ ያደረ ውሻ ይታመማል፤ ሽታውም በማግስቱ ይብሳል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ፀጉራቸው ድርብ የሆነ ውሾች ላያቸው ደርቆ ሥሩ ለሰዓታት እርጥብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፀጉሩን በጣትዎ ከፍተው ቆዳው ጋ ይንኩት።

በሐምሌና በነሐሴ፣ ፀሐይ ስትጠፋ፣ ሙሉ እጥበቱን ትተው እግሩንና ሆዱን ብቻ ከጭቃ ማጽዳት ብልህነት ነው። ፀጉር ማድረቂያ የሚጠቀም ሰው ሙቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ ከቆዳው አርቆ፣ እጁን መካከል እያስገባ ይሞክረው።

ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። በትንሽ ውኃ ይቻላል?

ይቻላል። መካከለኛ ቁመት ያለው ውሻ በአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በደንብ ይታጠባል። ዘዴው ከጎማ ወይም ከባልዲ ላይ እንዲሁ ከመድፋት ይልቅ በጆግ እየቀዱ ወደ ቆዳው ማስጠጋት፣ ሻምፖውንም በጣም መቀነስ ነው። ሳሙና በበዛ ቁጥር የማለቅለቂያ ውኃው ይበዛል። ከጀሪካኑ ሁለት ሦስተኛውን ለማለቅለቅ ያስቀምጡ።

ውኃ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ አለ። ፀጉሩ ላይ በስሱ ነስንሰው ወደ ሥሩ በጣት ያሹት፤ ጥቂት ደቂቃ አቆይተው በብሩሽ ሙልጭ አድርገው ያራግፉት። ዱቄቱ በዓይኑና በአፍንጫው እንዳይገባ፣ ራሱንም እንዳይልስ ይጠብቁት። ቅባቱንና ጠረኑን ይቀንሳል፤ ጭቃና ሰገራ ግን አያነሳም።

ውኃ ሲያይ ይሸሻል፤ አንዳንዴም ሊነክስ ይሞክራል። እንዴት ላድርገው?

አያሳድዱት፤ በሰንሰለት አስረው በጎማ አይርጩት። አንድ ጊዜ እንዲህ የታጠበ ውሻ ለዓመታት አይረሳውም፤ ስለዚህም እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ለጥቂት ቀናት ውኃ በሌለው ሳፋ ውስጥ ምግቡን ይስጡት። ሲለምድ እግሩን ብቻ ያርጥቡ፤ ሌላ ቀን እስከ ጉልበቱ። ሁለት ሰው ሆኖ ማጠብ ይረዳል። አንደኛው፣ ውሻው በጣም የሚያምነው ሰው፣ አንገቱ ጋ ሆኖ እያነጋገረ ቁራሽ ነገር ያጉርሰው።

በትግሉ መካከል ከነከስዎት፣ ውሻው የራስዎ ቢሆንም ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠቡትና ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ በጊዜ የሚሰጥ ክትባት ግን ያድናል። የውሻዎን የክትባት ደብተር ይዘው ቢሄዱ ሐኪሙን ይረዳዋል።

ውሻ ሲረጥብ ለምንድን ነው የሚሸተው?

በፀጉሩና በቆዳው ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎችና እርሾ መሰል ፈንገሶች ጠረን ያላቸው ኬሚካሎች ያመርታሉ። ደረቅ ሲሆን እዚያው ተጣብቀው ይቆያሉ፤ ውኃ ሲነካቸው ይላቀቁና ከሚተነው እርጥበት ጋር ወደ አፍንጫችን ይመጣሉ። ስለዚህ ዝናብ የመታው ውሻ መሽተቱ በሽታ አይደለም። ሲደርቅ ይጠፋል። ደርቆም ካልጠፋ ነው መጠርጠር ያለብዎት።

ዛሬ አጥቤው ነገ ይሸታል። ምን ጎደለ?

አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ውሻው ላይ አይደለም፤ የተኛበት ላይ ነው። በብዙ ግቢዎች የውሻው ቤት በበሩ አጠገብ የተሠራ የቆርቆሮ ጎጆ ነው። ውስጡ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ጆንያ ተነጥፎ ለወራት አይነሳም። ውሻው እዚያ ይተኛል፣ እርጥቡን እዚያ ያርፋል፣ የቁንጫውም እንቁላል እዚያ ይራገፋል። ታጥቦ ንጹሕ ሆኖ ወደዚያ ጎጆ ሲመለስ በአንድ ሌሊት ሽታውን መልሶ ይለብሳል። ውሻውን በሚያጥቡበት ቀን ምንጣፉን በሞቀ ውኃ ይጠቡ ወይም ይጣሉት። ጎጆውን አውጥተው ለፀሐይ ይገልብጡት፤ ወለሉን ከመሬት በድንጋይ ወይም በእንጨት ከፍ ያድርጉት። ጭድ የሚያነጥፍ ሰው በየሳምንቱ ይቀይረው።

ሁለተኛው ቦታ አንገቱ ነው። ቀን ከሌት በሰንሰለት የሚታሰር ውሻ አንገት ላይ ያለውን ማሰሪያ ዛሬውኑ ፈትተው ሥሩን ይዩ። ቡችላ ሳለ የተደረገለት ማሰሪያ ውሻው እያደገ ሲሄድ ጠብቦት ወደ ሥጋው የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ከውጭ አይታይም። የሚታየው ማሰሪያው ላይ የደረቀ ቢጫ ፈሳሽ ነው። የሚሸተውም የመግል ሽታ ነው። በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል ሁለት ጣት በቀላሉ መግባት አለበት። ቁስል ካገኙ፣ በተለይ ትል ካዩበት፣ ሳሙና አያስነኩት፤ ሐኪም ያሳዩት። ትል ያለበት ቁስል ከላይ ትንሽ መስሎ ከሥር ሰፊ ሊሆን ይችላል።

ሽታው ከየት እንደሚመጣ እንዴት ልለየው?

ቁጭ ብለው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ያሽትቱት፤ ሌላ መንገድ የለውም። አፉ ከሸተተ ከንፈሩን ገለጥ አድርገው የኋላ ጥርሶቹን ይዩ። ቢጫ ወይም ቡናማ ቅርፊት፣ የቀላ ድድ ካለ የድድ በሽታ ነው፤ ከሦስት ዓመት በላይ በሆናቸው ውሾች በጣም የተለመደ ነው። ቅርፊቱን የሚያነሳው ሐኪም ነው። ለመከላከል በብሩሽ ማጽዳት ይቻላል፤ የሰው የጥርስ ሳሙና ግን አይጠቀሙ፣ አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ውሻን ይገድላል። ትንፋሹ የሽንት ዓይነት ሽታ ካመጣና ብዙ ውኃ መጠጣት ከጀመረ ኩላሊቱ ይመርመር።

ጆሮውን ይግለጡ። ጤነኛ ጆሮ ውስጡ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ ያን ያህልም አይሸትም። ቡናማ ቅባት ካለውና የኮመጠጠ ሊጥ ሽታ ካለው ፈንገስ ነው። ይህ ጆሯቸው በሚንጠለጠል ውሾችና ውኃ ጆሯቸው በገባ ላይ ይበዛል። ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ወደ ውስጥ አይጎርጉሩ። በጣቶቹ መካከል ተመሳሳይ ሽታ ካለና እግሩን የሚልስ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው ፈንገስ ወይም አለርጂ ነው።

እንደ ዓሣ የሚሸት፣ ድንገት ብቅ እያለ የሚጠፋ ክፉ ሽታ ከኋላው የሚመጣ ነው። በፊንጢጣው ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ፤ ሲጸዳዳ ፈሳሻቸውን ያወጣሉ። ሲደፈኑ ውሻው መቀመጫውን መሬት ላይ ይጎትታል፣ ጅራቱ ሥር ይልሳል። ሰው «ትል አለበት» ብሎ የትል ክኒን ይሰጠዋል፤ ችግሩ ግን ይቀራል። ከረጢቶቹን ማፍሰስ ሐኪም የሚሠራው የደቂቃዎች ሥራ ነው። ካበጠና ከቀላ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ቁንጫና መዥገር በዝቶበታል። በነጭ ጋዝ ወይም በከብት መድኃኒት ማጠብ ይቻላል?

አይቻልም፤ እባክዎን አያድርጉት። ነጭ ጋዝ ቆዳውን ይልጣል። ውሻው ራሱን ሲልስ ይውጠዋል፤ ሲያስመልሰው ደግሞ ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል። ለከብት የሚረጨውም መድኃኒት ለሦስት መቶ ኪሎ በሬ ተመጥኖ የተዘጋጀ ነው። ለውሻ በግምት ሲበጠበጥ መርዝ ይሆናል፤ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለ ምልክት ካዩ በብዙ ውኃ አጥበው ወዲያው ወደ ሐኪም ይሩጡ።

እጥበት በገላው ላይ ያለውን ቁንጫ ያራግፋል፤ ዋናው ብዛት ግን እንቁላልና እጭ ሆኖ ያለው ምንጣፉና ወለሉ ላይ ነው። ስለዚህ ለውሻው ሐኪም በክብደቱ መጠን ያዘዘው ጠብታ ወይም ክኒን፣ ለመኝታው የሞቀ ውኃና ፀሐይ፣ ለቤቱ መጥረጊያ በአንድነት መሄድ አለባቸው። የውሻ መዥገር ጠግቦ ሲወድቅ በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይጥላል፤ በጎጆው አጠገብ ያለውን ስንጥቅ በሲሚንቶ መድፈን ከመድኃኒት የማይተናነስ ጥቅም አለው። የተጣበቀውን መዥገር በወረንጦ ቆዳው ድረስ ጠጋ ብለው ይዘው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ አያቃጥሉት፣ በጣትም አይጨፍልቁት።

ዴቶልና በረኪናስ?

ገላው ላይ ሁለቱም አይሆኑም። ዴቶል ውስጥ ያለው ማጽጃ የውሻን ቆዳና አፍ ያቆስላል፤ ለድመት ደግሞ መርዝ ነው። በረኪና ለወለል ነው።

ለወለልም ቢሆን አንድ ጥንቃቄ አለ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፤ በረኪና ሲደፋበት ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በተለይ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አደገኛ ነው። ሽንቱን መጀመሪያ በብዙ ውኃ አጥበው ካስወገዱ በኋላ መስኮት ከፍተው በረኪናውን ይጠቀሙ። ከአሲድ፣ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉት።

እንዶድ፣ ሎሚ፣ ጤና አዳም፤ አባቶቻችን የተጠቀሙበት ነገርስ?

እንዶድ ነጠላና ጋቢ ሲያነጣ የኖረ፣ የምንኮራበት ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት። ያው ኃይሉ ግን ለውሻ ገላ እንዳይሆን ያደርገዋል። ዓይን ውስጥ ሲገባ በጣም ያቃጥላል፤ ውሻ ደግሞ የተቀባውን ሁሉ ስለሚልስ ወደ ሆዱ ይገባል። ለመኝታ ጨርቁ ማጠቢያ ይጠቀሙበት፤ በደንብ ይለቅለቅ እንጂ እዚያ ሥራውን ያሳምራል።

ሎሚ የተቧጨረ ቆዳ ላይ ያንገበግባል። ጤና አዳምና ሌሎች ጠንካራ ሽታ ያላቸው ቅጠሎች ሽታውን ይሸፍኑታል እንጂ አያጠፉትም። ዕጣንና ወይራ ማጤስም እንዲሁ ነው። ከዚያም በላይ የውሻ አፍንጫ ከእኛ እጅግ የረቀቀ ስለሆነ ለእኛ መልካም መዓዛ የሆነው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለእሱ ጭንቀት ነው።

ምንጣፍና ሶፋ ላይ የሸናውን ሽታ ማስለቀቅ አልቻልኩም።

ትኩሱን ከደረሱበት አያሹት፤ በወፍራም ደረቅ ጨርቅ ላዩ ላይ ቆመው ይጫኑት፣ ጨርቁ እርጥበት መሳብ እስኪያቆም እየቀያየሩ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሰው እንደገና ይምጠጡ። አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ ከአንድ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው ያርጥቡት። ሲደርቅ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሰው አሳድረው ይጥረጉት። ቀለም እንዳይለቅ አስቀድመው በማይታይ ጠርዝ ላይ ይሞክሩ። ሙቅ ውኃና እንፋሎት ግን ሽታውን ክሩ ውስጥ ያጣብቁታል።

ደርቆ የቆየ ሽንት የከፋ ነው። በውስጡ ያለው ዩሪክ አሲድ በውኃ የማይሟሟ ደቃቅ ቅንጣት ሆኖ ይቀራል፤ ክረምት ሲመጣና አየሩ ሲረጥብ ሽታው እንደ አዲስ ይነሳል። ይህን የሚፈታው ኢንዛይም ያለው የቤት እንስሳት ማጽጃ ነው። ማሸጊያው ላይ ኢንዛይም መኖሩን አንብበው ይግዙ፤ ሽንቱ የደረሰበት ጥልቀት ድረስ ያርጥቡት፣ የተባለውን ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ያቆዩት። አሞኒያ ያለው የመስታወት ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ለውሻው የሽንት ሽታ ስለሚመስለው ተመልሶ እዚያው ይሸናል። ሽንቱ ወደ ሶፋው ስፖንጅ ከዘለቀ ላዩን ማጠብ ዋጋ የለውም፤ ልብሱን አውልቀው ስፖንጁን ለብቻው ማጽዳት ወይም መቀየር ያስፈልጋል።

ግቢው ራሱ ይሸታል፤ ጎረቤት ማማረር ጀምሯል።

ሰገራውን በየቀኑ ያንሱ፤ ይህን የሚተካ ምንም ነገር የለም። ሲሚንቶ ወለል ሽንት ይመጥጣልና በየቀኑ ውኃ ይድፉበት፤ በሳምንት አንዴ በብሩሽና በሳሙና ይፈትጉት። አፈር ከሆነ ውሻው የሚሸናበትን የላይኛውን አፈር ጠርገው አውጥተው በአሸዋ ወይም በጠጠር ይተኩት። ኖራ የሚነሰንሱ ሰዎች አሉ፤ ከእርጥበት ጋር የውሻውን መዳፍ ያቃጥላልና ይተውት። ውሻው ቀኑን ሙሉ ሁለት ሜትር በሆነ ሰንሰለት ላይ የሚውል ከሆነ ግን በተኛበት መሽናቱ ግድ ነው። ጠዋትና ማታ ፈትቶ ማንቀሳቀስ ሽታውን ከማንኛውም ማጽጃ በላይ ይቀንሰዋል።

ከበዓል በኋላ በጣም ይሸታል። የበጉን የሆድ ዕቃ ስለሰጠነው ይሆን?

አዎ፤ ፈርስና ደም ላይ ይንከባለላል፣ ጮማውና አጥንቱ ደግሞ ሆዱን ያበላሽበታል። ሽታው በአንድ እጥበትና በሁለት ቀን ይለቃል፤ ከሽታው የሚከፋው ግን ሌላ ነው። በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት የሚታይበት ጊዜ አለ። ያ ከረጢት በውሻ አንጀት ውስጥ ገብቶ የሚያድግ የጥቃቅን ኮሶ እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ትሉ ያድግና እንቁላሉ በሰገራው ይወጣል፤ ፀጉሩ ላይም ይጣበቃል። ከዚያ በእጅ በኩል ወደ ሰው ሲገባ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት እያደገ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ከረጢት ሊሆን ይችላል።

ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ለውሻ አይስጡ፤ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ሌላውንም የሆድ ዕቃ በደንብ ሳይቀቅሉ አይስጡት። ውሻዎ ፕራዚኳንቴል ያለበት የትል መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ይውሰድ። ካጠቡት በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ልጆች ውሻውን ዳብሰው ወደ ማዕድ ሲመጡ እጃቸውን ሳይታጠቡ አይቁረሱ።

ድመቴስ? እሷም ትታጠባለች?

ጤነኛ ድመት ራሷን ስለምታጸዳ እጥበት አያስፈልጋትም። ድመት መሽተት ከጀመረች ወይ ታማለች ወይ አርጅታ ራሷን መላስ አቅቷታል። ግድግዳ ላይ የሚረጨው ወንድ ድመት ሽንት ግን ለብቻው የሚታይ ነው፤ ቶሎ ካኮላሹት አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። የውሻ የቁንጫ ጠብታ ለድመት ፈጽሞ አያድርጉ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል።

አሜሪካ ነው የምኖረው፤ ውሻዬን ስካንክ ረጨብኝ። ሻምፖ አላስለቀቀውም።

አያስለቅቀውም። ስካንክ ሲፈራ ከጅራቱ ሥር ክፉ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚረጭ የዱር እንስሳ ነው። የፈሳሹ ሽታ ታዮል ከሚባሉ የሰልፈር ውሑዶች የሚመጣ ሲሆን የሚጠፋው ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ነው። ፖል ክሬባውም የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1993 ያስተዋወቀው ቅልቅል እስካሁን ከሁሉም የተሻለ ነው። አንድ ሊትር ያህል ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ሩብ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በክፍት ባልዲ ውስጥ ይቀላቀላል። በጓንት ደረቅ ፀጉሩ ላይ አሽተው አምስት ደቂቃ ያህል አቆይተው ያለቅልቁት፤ ዓይኑን ይጠብቁ። ጥቁር ፀጉርን ትንሽ ሊያነጣ ይችላል። የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ ከድነው አያስቀምጡ፤ በሚያመነጨው ጋዝ ይፈነዳል። ወደ ቤት ሳያስገቡት፣ ደጅ ላይ እያለ ይጨርሱት።

ክትባት፣ የቁንጫ ጠብታ ወይም ቀዶ ሕክምና ከወሰደ በኋላ መቼ ላጥበው?

ክትባት በመርፌ ከቆዳ ሥር ስለሚገባ ውኃ አያጥበውም፤ ድካም ሊኖረው ስለሚችል ግን ሁለት ሦስት ቀን ያሳርፉት። በጀርባው ላይ የሚንጠባጠበው የቁንጫ መድኃኒት በቆዳው ቅባት ላይ ተሰራጭቶ ስለሚሠራ ከሁለት ቀን በፊትና ከሁለት ቀን በኋላ እጥበት የለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስፌቱ እስኪወጣ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ውኃ አይንካው። ሐኪም ለቆዳ ያዘዘው መድኃኒታዊ ሻምፖ አረፋው ገላው ላይ አሥር ደቂቃ ካልቆየ አይሠራም። እዚህ ላይ ሰዓት ይያዙ፤ ቶሎ አለቅልቆ «አልሠራልኝም» የሚለው ሰው ብዙ ነው።

ቡችላዬ ተቅማጥ ይዞት ደም የቀላቀለ፣ ከወትሮው የተለየ ክፉ ሽታ አለው። አጥቤ ልየው?

አያጥቡት። ያልተከተበ ቡችላ ሲያስመልሰው፣ ምግብ እምቢ ሲልና እንዲህ ያለ ተቅማጥ ሲይዘው ፓርቮ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ እርጥበትና ብርድ ያለችውን አቅም ይጨርሱበታል። ቡችላው በሰዓታት ውስጥ ፈሳሽ ስለሚያልቅበት ሙቅ ጨርቅ ጠቅልለው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። ቢሾፍቱ አካባቢ ያለ ሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው መሆኑን ያስታውስ። ሌሎች ውሾች ካሉ ይለዩአቸው፤ የነካበትን ልብስና ጫማ ሳይቀይሩ ወደ እነሱ አይሂዱ።

የቆሸሸውን ወለል ሰገራውን ካነሱና በሳሙና ካጠቡ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ በጥብጠው አሥር ደቂቃ ያቆዩበት። ተራ ሳሙና ይህን ቫይረስ አይገድለውም። አፈር ላይ ግን በረኪናም በደንብ አይሠራም። ቫይረሱ በጥላ ሥር ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ስለሚቆይ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ ወደዚያ ግቢ አያምጡ።